የግፊት ልክ

ጋራዤ ከሐይቁ ዳር ነው፣ ቫዬ ዴ ብራቮ፣ ከተራራው ወገብ፤
ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ከጥዱ ይወርዳል፣ በውሃው ላይ ሊሰበሰብ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሞተር ፈታሁ፣ የሰው ሞተር ገጠምሁ፤
ባሕር ግን አላየሁም። በጌጅ ነው የማውቀው፣ በቁጥር ነው የሰማሁ።

ናቦር መጣ ማክሰኞ፣ ጄት ስኪውን ጎትቶ፣ ፊቱ እየሳቀ፤
ቴስታታውን ደብቆኝ ለቶርኖ ሰጥቶት፣ አስፍቆት ዘለቀ።
ቱሪስት በጎማ እየጎተተ ዓመቱን ያጠራቀማት ብር፣
በአንዲት ብረት ላይ አለቀች፣ ፀጉር በማታክል ፍቅፋቂ አፈር።
«ለኪልኝ ዶኛ ቪቻ። ቅዳሜ ቬራክሩስ ነኝ፣ ለባሕሩ ውድድር፤
እዚህ የሚቀድመኝ የለም፤ እስቲ እዚያ ደግሞ ልሞክር።»

ሁለቱን ካንዴላ ፈታሁ። ጌጁን ከቀዳዳው አጠበቅሁ።
«ጋዙን እስከ ጥግ ያዝ» አልሁት፤ ማስነሻውን ተጫንሁ።
መርፌው ተነሣ፦ ስልሳ... መቶ አሥር... መቶ አርባ...
መቶ ሃምሳ አምስት ላይ ቆመ፣ ግባ እስኪሉት ደጅ እንደሚቆም እንግዳ፣ ሳይገባ።
ሁለተኛውም ሲሊንደር ያው። ናቦር አጨበጨበ።
«ገና ቦታ አለው፤ ትንሽ ቢፋቅስ?» እያለ አሰበ።

ስማኝ ልጄ፤ የኛ አገር አየር ስስ ነው፣ እንደ ድሀ ሾርባ ቀጭን፤
ፒስተኑ ጎርሶ ጎርሶ አይሞላለትም፤ መርፌውም አያውቅ ጥጋብን።
ባሕሩ ጋ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ጉሮሮ ይሞላል፤
ያው መቶ ሃምሳ አምስት፣ ማንም ሳይነካው፣ መቶ ዘጠና ይላል።
መቶ ዘጠና ደግሞ የጣሳውን ነዳጅ ነው የሚሻው፣
የእሽቅድምድሙን፣ ያንተን የሳምንት ደመወዝ በአንድ ጀምበር የሚበላው።
አንተ የምትቀዳው ከመንገድ ዳር ነው፣ ከቀዩ ቧንቧ፣ እንደኛው፣ እንደ ሁሉ ሰው።
ለማደያ ቤንዚን፣ እዚያ ታች፣ መቶ ሃምሳ ሲል ደስ ይበልህ፤
መቶ ስልሳ አምስት ካለ ተጠንቀቅ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅልህ።

ቤንዚን ሲጨነቅ ትዕግሥት የለውም፤ ካንዴላው ሳይጠራው ይነሣል፤
በመዶሻ እንደሚመታ ይመታዋል ፒስተኑን፣ አናቱን ይበሳል።
እንደ ውሃ ነው ነገሩ፣ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤
መጀመሪያ ትፈጥናለህ፣ ደግሞ ትፈጥናለህ፣
ከዚያ ከዳርቻው ሩቅ፣ ሞተር የሌለህ፣ ማዕበል ሲያንገላታህ እንደ ግንድ።

ግፊት ሁለት ነው ናቦር፤ አንደኛውን ጌጅ ይለካዋል፤
ሌላው ከኋላ መጥቶ፣ «ትንሽ ነው፣ ትንሽ» እያለ፣ ሰውን አፋፍ ላይ ይተወዋል።

ሳቀ። «እናቴን መሰልሽኝ» አለ። ከፍሎኝ ሄደ።
ያልተፋቀ አሮጌ ቴስታታ፣ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣
ሳያየኝ ከመሣሪያ ሳጥኑ ግርጌ ወረደ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ናቦር ነው፤ ድምፁ ሰልሏል።
«ቪቻ፣ መቶ ዘጠና ሁለት ይላል።»
«ውሃ ውስጥ አስገብተህ ከምሰሶ እሰረው። ጋዝ ስጠውና ስልኩን አስጠጋ» አልሁት። አስነሣ።
ከጩኸቱ ሥር፣ ጠጠር በጣሳ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ የሚነሣ።
«አጥፋው።»
አጠፋው።

እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ሳጥን ተከፈተ። ጋዜጣ ተቀደደ።
ከዚያ ወዲያ፣ ከልጁ ኋላ፣ አንድ ሌላ ነገር ነበር፣
ሰፊ፣ የማይቸኩል፣ ወደ ውስጥ ሲስብ፣ ሲመልስ፣ ሲስብ፣
ጌጅ የማይገጠምለት።

«ቪቻ፣ አለሽ?»
«አለሁ። ቡሎኑን በሰያፍ ፍታው፤ አንዱን ወገን ብቻ አታላላ።
ስልኩን ደግሞ አትዝጋብኝ፤
ከአሸዋው ላይ አስቀምጠው፣ ፊቱን ወደ ውሃው መልሰህ።»